ሰማያዊውን ጃኬት ያጠብኩበት ክረምት

እጮኛዬ ሁለቱን ጃኬቶች ከአዲስ አበባ ይዞ የመጣው ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነበር። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ እናቴ እያየች፣ ከላስቲካቸው አወጣቸውና ቀዩን አለበሰኝ። የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ናቸው፣ ልዩነታቸው ቀለማቸው ብቻ ነው አለ። ዶፍ ቢወርድባቸው ጠብታ እንደማያስገቡ፣ የተራራ ነፋስ እንደሚመክቱ፣ በደንብ ከተያዙ ለብዙ ዓመት እንደሚያገለግሉን አስረዳን። እናቴ የቀዩን እጅጌ በሁለት ጣቷ ይዛ አሸት አሸት አደረገችና "ያምርባታል" አለች። እውነትም ያምርብኝ ነበር። መስታወት ፊት ቆሜ ኮፍያውን ሳጠልቅ ሳወልቅ አመሸሁ።

ያን ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ፣ አባቴ እሺ ብሎ፣ ሰርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። አባቴ በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ መቀሌ ላይ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው፤ እናቴ የዚሁ አገር ልጅ ናት። ቤታችን አማርኛና ትግርኛ የሚቀባበሉበት ቤት ነው። እኔ ከእንዳ ኢየሱስ ዳገት በታች ባለ ፋርማሲ እሠራለሁ። እጮኛዬ በሥራ ቀን ቢሮ ይውላል፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሰው ሰብስቦ ተራራ ያወጣል። ከጦርነቱ በኋላ መንገዱ ሲከፈት የጀመረው ነገር ነው። ሰው ከከተማ መውጣት ናፍቆት ስለነበር ቡድኑ ቶሎ በዛ። እሱም መሪ መባል ወደደ። ጫማ፣ ምርኩዝ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ብቻ ለተራራ ተብሎ የተሠራ ነገር ካየ አያልፍም። ስለ ዕቃ ሲያወራ ድምፁ ራሱ ይለወጣል። እኔ ደግሞ ሲያወራ መስማት እወድ ነበር፤ ያለኝን ሁሉ አምን ነበር።

ሐምሌ ውስጥ ወደ ገራልታ ሄድን። ማለዳ በሚኒባስ ተነሥተን፣ ውቅሮን አልፈን፣ ገደል ላይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ለማየት አቀበቱን ተያያዝነው። ስንወጣ ፀሐይ ነበር። ተሳልመን መውረድ ስንጀምር ከገደሉ ጀርባ ጥቁር ደመና ብቅ አለና ሰማዩን ሸፈነው። መጀመሪያ በረዶ ጣለ፤ ከዚያ ዝናቡ ተለቀቀ። ሌሎቹ ላስቲክ አጥልቀው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ድንጋይ ሥር ተጠጉ። እኔ ቀይ ጃኬቴን እስከ አገጬ ዘግቼ ኮራ ብዬ ቆምኩ።

ውሃው በመጀመሪያ የገባው በትከሻዬ፣ የቦርሳው ማንገቻ በሚጫነኝ በኩል ነው። ቀጥሎ በክርኔ። ከዚያ አንድ ቀጭን ቅዝቃዜ በማጅራቴ ገብቶ በአከርካሪዬ ቁልቁል ወረደ። ወደ እጮኛዬ ተጠግቼ ጃኬቱ ውሃ እያስገባ ነው አልኩት።

"ላብሽ ነው፣ ማዓረይ" አለኝ፤ የኔ ማር ማለቱ ነው፣ ሲያቆላምጠኝ በትግርኛ ነበር። "ሁሉም ጃኬት እንዲህ ነው። ከውስጥ ያልብሻል።"

አመንኩት። በብርድ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ላብ ነው ብዬ አመንኩ። ሸሚዜ ገላዬ ላይ ተለጥፎ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው ድንጋይ መጨበጥ አቅቷቸው፣ ግማሹን ቁልቁለት በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅኩ ወረድኩ። እሱ ሰማያዊ ኮፍያውን አጥልቆ ከፊት ከፊት እየሄደ ከሰዎቹ ጋር ይሳሳቃል። ታች ስንደርስ ጃኬቱን አራግፎ ሲያወልቅ ሸሚዙ ላይ የካውያው መስመር እንኳ አልጠፋም ነበር።

የሚኒባሱ ሹፌር ጋቢውን አለበሰኝና የኋላ ወንበር ላይ ጋደም አልኩ። ሰው ሁሉ ደክሞት እንቅልፍ ወስዶታል። እጮኛዬ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጧል። ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር የተኛሁ መስሎታል። ሹፌሩ በትግርኛ ጠየቀው፤ ሁለታችሁም የለበሳችሁት አንድ ዓይነት አይደለም እንዴ፣ እሷ ምን ሆና እንዲህ ራሰች አለው። እጮኛዬ ሳቀ። እውነተኛው የኔ ነው፣ የእሷ እንዲያው ሱቅ ለሱቅ ለውበት የሚሸጠው ነው ብሎ ነገረው። ከዚያ ጨመረለት።

"ተራራ የምመራው እኔ ነኝ" አለ። "ለእሷ ቀለሙ ይበቃታል።"

የመስታወት መጥረጊያው ግራና ቀኝ ሲል ብቻ ይሰማል። እኔ ዓይኔን አልገለጥኩም። መቀሌ እስክንገባ ድረስ ያቺን ዓረፍተ ነገር በአማርኛም በትግርኛም እየመለስኩ በውስጤ አልኳት።

ሳንባዬን ታመምኩ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ሳሉ አልለቀኝ አለ፤ መርፌ ተወጋሁ፣ ከሥራ ቀረሁ። እጮኛዬ ብርቱካን ይዞ እየመጣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ይቀመጥና "ኣጆኺ" ይለኛል፤ አይዞሽ ነው ትርጉሙ። እናቴ ደግነቱን አይታ አልጠግብ አለች። አንድ ቀን ከቡድኑ አንዷ ሴት ደውላ ጤናዬን ጠየቀችኝ። ስታጽናናኝ ነው እንግዲህ፤ ተራራ የሁሉም ሰው ነገር አይደለም፣ እሱም አቅም እንደሌለሽ ገና ድሮ ነግሮናል፣ አትዘኚ አለችኝ። ብርዱን ይቅር ልለው እችል ነበር ይሆናል። አርጥቦኝ ሲያበቃ በአቅሜ ማሳበቡን ግን ልውጠው አልቻልኩም።

የእሱ ልብስ የሚታጠበው እኛ ቤት ነበር። የተከራየው ዓይናለም አካባቢ ነው፤ የከተማው ውሃ የሚቀዳበት ሰፈር ተቀምጦ ቧንቧው ግን ደረቅ ነበር። እኛ ትልቅ ሮቶ አለን፤ ውሃ ሲመጣ እንሞላዋለን። ስለዚህ ከጉዞ ሲመለስ ጭቃ የነካውን ሁሉ በከረጢት ጠቅጥቆ ያመጣልኛል። ከአልጋ ስነሣ ከረጢቱ ጥግ ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ውስጡ ሰማያዊው ጃኬት አለ።

ሁለቱን አልጋ ላይ አጋደምኳቸውና ገለበጥኳቸው። በውጭ በኩል መንትያ ናቸው፤ ኪሳቸው፣ ዚፓቸው፣ ኮፍያቸው ሳይቀር። ከውስጥ ግን ሌላ ናቸው። የሰማያዊው ስፌት በሙሉ ላዩ ላይ ቀጭን ሪባን ተለጥፎበት ተዘግቷል፤ መርፌው የበሳው አንድም ቦታ አይታይም። የቀዩ ስፌት እርቃኑን ነው፣ በመርፌው ቀዳዳ ብርሃን ያስገባል። ጨርቁን አፌ ላይ አድርጌ ተነፈስኩ። የሰማያዊው ትንፋሼን መለሰብኝ፤ የቀዩ አሳልፎ ከወዲያ በኩል እጄ ላይ አደረሰው። ሁለቱም ላይ ውሃ ጠብ አደረግኩ። ሰማያዊው ላይ ጠብታው ድቡልቡል እንዳለ ተንከባልሎ ወረደ። ቀዩ ላይ ተዘረጋ፣ ጠቆረ፣ ጠለቀ።

የሰማሁትን በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበርና አየሁት። ያን ዕለት ሁለቱንም ፊቱ ላይ ወርውሬ መጨረስ እችል ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ የምትከራከረኝ በዚህ ነው። ግን ብወረውርለት ምን ይላል? ይስቃል። ቀልድ ነበር ይላል። ሻጩ አታለለኝ ብሎ ይምላል፣ ሌላ ቀይ ይገዛልኛል። ያ ቅዝቃዜ በማጅራቱ ገብቶ በአከርካሪው ሳይወርድ የምለው ቃል ሁሉ እሱ ዘንድ ወሬ ነው።

መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው በደቂቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ማንበብ ይለምድበታል። የሰማያዊው የጎን ስፌት ላይ ትንሽ ነጭ ጨርቅ ተሰፍታለች፤ አያያዙን በሥዕል ታስረዳለች። ለብ ባለ ውሃ እጠቡ። በረኪና አታስነኩ። ማለስለሻ አትጨምሩ። አትጭመቁ። በጋለ ካውያ አትተኩሱ። ጥላ ላይ አስጡ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወጥቼ ውሃ ጣድኩ።

በእጄ አልቀደድኩትም፣ በመቀስ አልነካሁትም። ያደረግኩት አንድ ጠንቃቃ ሚስት ለባሏ ነጭ አንሶላ የምታደርገውን ነው። በፈላ ውሃና ብዙ ዱቄት ሳሙና ዘፈዘፍኩት። አንገቱና እጅጌው ላይ ጭቃው የደረቀበትን በብሩሽ ፈተግኩ። በማለስለሻ አለቀለቅኩ፤ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ሸተተ። ጨመቅኩት፣ እንደ ገመድ ጠምዝዤ የመጨረሻ ጠብታው እስኪወጣ። የነሐሴ ፀሐይ ብልጭ ስትል የቆርቆሮው ጣራ ላይ አሰጣሁት። ሲደርቅ ካውያውን አግዬ ከውስጥም ከውጭም ተኮስኩት። ሪባኖቹ ከካውያው ሥር ሲኮማተሩ እጄ ይሰማው ነበር። ከላይ ሲያዩት አዲስ መሰለ።

ሊወስደው ሲመጣ አሸተተውና እንዲህ ተደርጎ የታጠበ ልብስ ለብሶ እንደማያውቅ ነገረኝ። እናቴ በኩራት አየችኝ። እኔም ገና ምኑን አይተህ አልኩት በሆዴ። ከየጉዞው ሲመለስ አመጣልኝ፣ ከየጉዞው በኋላ አጠብኩለት። በዚያ መሃል የወረደው ዝናብ ካፊያ ነበርና ምንም አልታወቀውም። እኔ ግን ገልብጬ እያየሁ አውቃለሁ። መጀመሪያ የሪባኑ ጫፎች ተነሡ። ቀጥሎ የውስጥ ሽፋኑ እዚህም እዚያም ፊኛ ሠራ። ልብሱን ስይዝ ያንን ሳይ የሚሰማኝን ደስታ ለማንም አልነገርኩም። እጄን እንኳ የምታጠበው እያዘገምኩ ነበር።

ለራሴ ደግሞ ጃኬት ፍለጋ ሄድኩ። ገበያው ውስጥ ሰልባጅ የሚቆለልበት ተራ አለ፤ እዚያ አባቴን የሚያውቅ የወሎ ሰው ይነግዳል። ገና ከሩቅ ሲያየኝ አንድ ቀይ ጃኬት ከክምሩ መዝዞ አውለበለበልኝ። አመስግኜው ሌሎቹን አንድ በአንድ እየገለበጥኩ አየሁ። ስፌቱ ያልተዘጋውን አስቀመጥኩ። ስፌቱ ተዘግቶ ሪባኑ የተላጠውንም አስቀመጥኩ። ውስጡ ሲዳሰስ የሚያጣብቀውን፣ ሻጋታ ሻጋታ የሚሸተውን፣ ዚፑ ላይ ክዳን የሌለውን፣ ኮፍያው አንገት ሲዞር አብሮ የማይዞረውን ሁሉ ወደ ጎን አደረግኩ። የቀረው አንድ የወንድ ጃኬት ነበር፣ ጭቃ የመሰለ፣ ትከሻው ሰፋ ያለ። ተነፈስኩበት፣ መለሰብኝ። ነጋዴውን ውሃ ለመንኩት፤ ከሚጠጣበት ሃይላንድ ሰጠኝ። ትከሻው ላይ አፈሰስኩና ሁለታችንም ጠብታው ሲንከባለል አየን።

"እህቴ፣ ይሄ እኮ ለሙሽራ አይሆንም" አለኝ፤ ጥር ላይ እንደማገባ ከአባቴ ሰምቷል።

"አይሆንም" አልኩት። "እሱን ጠቅልልልኝ።"

ያኛውን ጃኬት በሥዕሎቹ መሠረት ነው የያዝኩት። ለብ ባለ ውሃ፣ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ ደጋግሜ አለቀለቅኩት። ሳልጨምቅ፣ ውሃው ራሱ እንዲንጠባጠብ፣ ከበረንዳው ጥላ ላይ በሰፊ መስቀያ ሰቀልኩት። አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ አልከተትኩትም፣ የታጠፈበት መስመር ይሰነጠቃልና። ሁለቱን ጃኬቶች በአንድ ቤት፣ በአንድ ሮቶ ውሃ፣ በሁለት ዓይነት እጅ አጠብኩ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እጮኛዬ የጠበቀው ቀን መጣ። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ከአዲስ አበባ ሰዎች ይልካል፤ የትግራይን ጉዞ የሚመራላቸው ሰው ይፈልጋሉ፣ ከወደዱት ቢሮውን ትቶ ወደዚህ ሥራ ሊዞር ነው። ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ፣ በዚያው ከኲሓ ወዲያ ያለውን ሸንተረር ሊያስሄዳቸው አሰበ። ጤናዬ ተመልሷል፣ እኔም እመጣለሁ አልኩት። ትንሽ አቅማማ። ከኋላ እንደምከተልና እንደማላስቸግር ቃል ገባሁለት። ቀይ ጃኬቴን ትቼ ጭቃ የመሰለውን ለብሼ ሲያየኝ ይሄ ደግሞ የማን ነው ብሎ ሳቀ።

እንግዶቹን የምትመራው በዕድሜ ጠና ያለች፣ ንግግሯ የተቆጠበ ሴት ናት። ከመነሣታችን በፊት እጮኛዬ ስለ ዕቃ ንግግር አደረገላቸው። የጃኬቱን እጅጌ ወጠር አድርጎ ይዞ፣ ተራራ ላይ ሰው የሚታመነው በልብሱ ነው አላቸው። ጥሩ መሪ ዝናብ ሲመጣ አይሸሽም፣ ለብሶ ይቀጥላል አለ። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ከሹፌሩ አጠገብ ቆሜ ሰማዩን እያየሁ ነበር። ሹፌሩ ያው የገራልታው ነው።

ሸንተረሩ ዛፍም ዋሻም የለውም። ዝናቡ የያዘን መሃሉ ላይ ስንደርስ ነው፤ ነፋስ ቀደመው፣ ከዚያ በጎን በኩል እየገረፈ መጣ። እንግዶቹ ረጃጅም ካፖርታቸውን አወጡ። እሱ ቀጥሉ፣ ቀጥሉ እያለ ከፊት ሄደ። እኔ ኮፍያዬን አጥልቄ ጀርባውን ብቻ አያለሁ። መጀመሪያ ትከሻው ጠቆረ። ቀጥሎ ክርኑ። አንድ ጊዜ ቆም ብሎ አንገቱን ሰበቀ፤ ውሃው በማጅራቱ የገባባትን ቅጽበት ያወቅኩት በዚያ ነው። አብሬው የቆምኩ ያህል ተሰማኝ። ልቤ ትደልቅ ነበር፣ በደስታ።

ሴትዮዋ የማዶው መንደር ማን እንደሚባል ጠየቀችው። ሊመልስ አፉን ሲከፍት መንጋጋው ተንቀጠቀጠ፣ ቃሉ ተቆራረጠ። ጣቱን ሊጠቁም ከኪሱ ሲያወጣ እጁ ወደ ሰማያዊነት ሄዷል። የሚረዳው ሲያጣ ወደ ኋላ ቀርቶ ወደ እኔ መጣ።

"ውሃ እያስገባ ነው" አለኝ በሹክሹክታ። "ምን እንደሆነ አላውቅም።"

"ላብህ ነው" አልኩት። "ሁሉም ጃኬት እንዲህ ነው።"

ዓይኔን አየው። ያን ጊዜ ትንሽ ነገር ትዝ ያለው መሰለኝ፣ ግን ብርዱ አሳቡን አልጨረሰለትም። ጃኬቴን እንድንለዋወጥ ጠየቀኝ፣ ለእንግዶቹ ሲባል አለ። አይሆንም አልኩት። ደግሞ ለመነኝ። ዚፔን እስከ አገጬ ዘግቼ ቀደምኩት። መመለሻውን መንገድ ሰዎቹን የመራኋቸው እኔ ነኝ፤ ሸንተረሩ ላይ ቀጥ ያለ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፣ ችሎታ አይጠይቅም። እሱ መጨረሻ ላይ ደረሰ።

ሚኒባሱ ጋ ጃኬቱን ሲያወልቅ የውስጥ ሽፋኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ሸሚዙና አንገቱ ላይ ተለጣጠፈ። ነጭ ቅርፊት የለበሰ መሰለ። ሴትዮዋ አየችውና ገብታ ተቀመጠች። በሩ ላይ የቀረነው እኔ፣ እሱና ሹፌሩ ነን።

"ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሆነው?" አለ ጨርቁን እያገላበጠ።

"እኔ አጥቤው ነው" አልኩት። "በፈላ ውሃ፣ በማለስለሻ፣ በጋለ ካውያ። ክረምቱን ሙሉ።"

"ለምን?"

"ለአንተም ቀለሙ ይበቃሃል ብዬ።"

ሹፌሩ ቀና ብሎ አየኝና ሞተሩን ሊያስነሣ ዞሮ ሄደ። ጋቢው የኋላ ወንበር ላይ ነበር፣ ሹፌሩ ግን ልበሰው አላለውም።

ድርጅቱ ሌላ ሰው ቀጠረ። እጮኛዬ ሽማግሌዎቹን ወደ አባቴ መልሶ ላከ፤ ልጅህ ንብረቴን ሆን ብላ አበላሽታለች፣ እንዲህ ያለ ልብ ይዛ እንዴት ትዳር ትይዛለች አስባለ። አባቴ ሽማግሌዎቹ ለማስረጃ ያመጡትን ሰማያዊ ጃኬት ተቀብሎ ቀዩንም አምጪ አለኝ። ጨርቅ ሲዳስስ የኖረ ሰው ነውና ረጅም ጊዜ አልፈጀበትም። ገራልታ ላይ የሆነውን፣ ሚኒባስ ውስጥ የሰማሁትን አንድም ሳልጨምር ነገርኳቸው። እሱም ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥቶ ተቀምጧል። አባቴ ወደ እሱ ዞረ።

"ስትገዛቸው ልዩነታቸውን ታውቅ ነበር?" ብሎ ብቻ ጠየቀው።

እጮኛዬ ቀልድ እንደነበር ሊያስረዳ ጀመረ። አባቴ ጥያቄውን ደገመለት። እጮኛዬ ዓይኑን ከቀዩ ጃኬት ላይ አነሣ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና አንደኛው ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ። በዚያው አለቀ።

እናቴ ግን አልለቀቀችኝም። ሰምተሽ ስታበቂ ለምን ያን ዕለት አልተውሽውም፣ ወር ሙሉ እየሳቅሽ ልብስ ማጠብ ምን የሚሉት ነው ትለኛለች። በእሷ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ማደጉ ሳያስፈራት አልቀረም። አንድ ምሳ ላይ፣ ይህ ሁሉ ለአንድ ጃኬት ነው አለችኝ። ስታመም የሳልኩትን ሳል የሰማሽው አንቺ ነሽ አልኳትና ሳህኔን አነሣሁ።

ከወራት በኋላ ራሱ መጣ። ሰው በሌለበት ሰዓት ጠብቆ ፋርማሲው በር ላይ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። ጥፋቱን በስሙ ጠርቶ ነው የጠየቀኝ፣ በዚህ አልዋሽበትም። ለቡድኑ ስለ አቅሜ የተናገረውን ግን አላነሣም። ጠበቅኩት፣ አላነሣም። ስለዚህ ሰምቻለሁ ብዬው ወደ ሥራዬ ዞርኩ፣ እሱም ሄደ። አሁን ሌላ አግብቷል ይባላል፣ ተራራ መምራቱን ትቷል።

በቀል ሲፈጸም ባዶ ያደርጋል ሲሉ እሰማለሁ። እኔን ባዶ አላደረገኝም። ያን ሰሞን ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ፣ ምግብም ተበላልኝ። አሁን ከሁለት ሴት ባልደረቦቼ ጋር እሁድ እሁድ እንወጣለን፤ አንዷ ለጃኬት ግዢ ስትሄድ አብሬያት ሄጄ ስፌቱን እገለብጥላታለሁ። ሐምሌ ሲገባ የመጀመሪያው ዶፍ የፋርማሲውን ቆርቆሮ ሲደበድብ ሰዎች ከበረንዳው ይጠለላሉ፣ ልብሳቸውን ያራግፋሉ። እኔ መድኃኒት እየቆጠርኩ ያንን ሸንተረር አስባለሁ፤ አንገቱን የሰበቀበትን ቅጽበት። ደንበኛው ምን እንደሚያስቀኝ አያውቅም።